ከዝርዝሩ ግርጌ

ክረምት ነው ደሴ ላይ። ጦሳ ጉም ለብሷል።
የቁጠባ ማህበሩ ጣሪያ ያንጠባጥባል።
ወር በገባ በሦስት፣ ሳትቀር አንዴም፣
"ዛሬም አልገባልኝ" ትላለች፣ አትቆጣም፤
ፎዚያ ይማም ናት፣ ከሰኞ ገበያ፣
ባና የምትሸጥ ከመስጊዱ ወዲያ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባል አለን፤
ለሁሉም በየወሩ ትርፍ እናካፍላለን።
ለሁሉም፣ ከእሷ በቀር።
ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ፤
የማሳብብበት የለኝም፣ ወዳጄ።

መጀመሪያ ያማሁት ፊደሉን ነበረ፤
ስንት ሒሳብ አይቻለሁ በእሱ የተሳከረ፦
ሐሰን በሐመሩ ሐ ተመዝግቦ ገብቶ፣
ሀሰን በሃሌታው ሀ በሌላ ቀን መጥቶ፣
ለጆሮ አንድ ሰው፣ ለማሽኑ ሁለት፤
አንዱ ትርፍ ሲበላ፣ አንዱ ዕዳ ሲቆረጥበት።
የፎዚያ "ፎ" ግን ሞክሼ የለውም፤
ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ ጥፋቱ እዚያ አይደለም።

ከዚያ ባንኩን ጠረጠርኩ፣ ከዚያም ኔትወርኩን፣
ከዚያ መብራት ኃይልን፣ ቀጥሎ ዝናቡን።
ሰው የገዛ መስመሩን እስኪጠረጥር ድረስ
ስንቱን ንጹህ ይከሳል፣ ስንት ቤት ሲያምስ!
ኮዱን ስንት ሌሊት አነበብኩት በዓይኔ፤
ዓይን ግን ያዳላል፣ ያውም ለገዛ ወገኔ፤
ደጋግሞ ያየልኝ ያሰብኩትን ነው፣
የጻፍኩትን አይደለም።

በሰባተኛው ወር ጃንጥላዋን አጠፈች፣
ወንበር ስባ መጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች።
"ልጄ፣ ስሜ ግርጌ ላይ ስለሆነ ይሆን?
ወረፋው ዳር የቆመን 'የለም' ብሎ ይሆን
መብራት የሚያጠፋው ያንተ መኪና?
እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝና
እኔም ልስማው።"
"እትዬ ፎዚያ፣ ይሄ እኮ እንግሊዝኛ ነው።"
"እኔ ባና ስሸጥ በሦስት ቋንቋ ነው።
ተርጉመው።"

ጥርሴን ነክሼ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አኑሬ
ተረጎምኩት፣ ለሕፃን እንደሚነግር ቆጥሬ፦
"ከዜሮ ጀምረህ አባላቱን ጥራ።"
"ከዜሮ? ዜሮ ማነው ደግሞ ሲጠራ?"
"የማሽን ልማድ ነው። የመጀመሪያው ዜሮ፣
ሁለተኛው አንድ..." "ይሁን፣ ቀጥል።"
"የአባላቱን ብዛት ውሰድ፣ አንድ ቀንስ።
ተራህ ከዚያ እስካነሰ ክፈል። እዚያ ስትደርስ..."

ዝም አልኩ።
ውሃው ከጣሪያው ባልዲው ላይ ጠብ አለ።
"እዚያ ስደርስስ?" አለች።
"ቁም።"

ፎዚያ "እዚያ" ላይ ነበረች።
አንዱን ለዜሮ ብዬ አስቀድሜ ቀንሼ፣
"ያነሰ" ባልኩበት ደግሞ አስቀነስኩ መልሼ።
አንዲት ምልክት ናት፣ ከትንኝ የማትበልጥ፣
ሰባት ወር ሙሉ ሰው ከዝርዝር ስትቆርጥ።
ሒሳብ ሹማችን እንድሪስ በየወሩ አይቶ
"ማጠጋጋት ነው" ያለው ቀሪ ሰው ነበር ለካ፣ ስም አጥቶ።

ማረሙ ቀላል ነው፤ አንድ ጣት ይበቃል።
ግን የታረመ ሁሉ ነገ ይበላሻል።
ስለዚህ ሳላርም ፈተና ጻፍኩለት፦
ማንም የሌለበት ዝርዝር ሰጠሁት፣
ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች፣
ከዚያ ፎዚያ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች።
የተከፈለው ድምር ከሚከፈለው ካነሰ
በአንዲት ሳንቲም እንኳ፣ ቁምና ጩኽ፤ "ማጠጋጋት" ብሎ ነገር ፈረሰ።
ፈተናው ወደቀ፣ ቀይ በቀይ ሆነ፤
እንደዚያ ቀን ቀይ አይቼ ልቤ አልተዝናና።
መስመሩን አረምኩት።

"እና፣ የሰባት ወሬስ?" አለች ፎዚያ።
እንድሪስ መነጽሩን አወለቀ።

አሁን ወር ሲገባ ፈተናው ይሮጣል፣
ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ይላል።
እኔ ግን አላምንም። ስልኬን አነሳለሁ፤
"እትዬ ፎዚያ፣ ገባልሽ?" እላለሁ።
ከበስተጀርባዋ ገበያው ይጮሃል።
"ቆይ፣ ባንክ ደርሼ አውጥቼ ልቁጠረው" ትላለች።
መልሳ ስትደውል ብር ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ፤
ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣
ከአንድ ጀምራ።